የጋሽ በላቸው ቀለበቶች

ያኔ «ሥራህ ምንድን ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁኝ ኖሮ እውነተኛው መልስ «ብረት መያዝ» ነበር። ስትሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ስቀጠር እኔም ቀላል መስሎኝ ነበር። ባለቤቴ ሰናይት ግን «ባሌ ብረት ይይዛል» ማለቱ ስለከበዳት፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ለጠየቃት ሁሉ «ኢንስፔክተር ነው» ትል ነበር። አላረምኳትም። እንዲያውም ክራቫት ባደረግኩባቸው ቀናት እኔም ራሴ ብያለሁ፤ ሰው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ማዕረግ ቢያምረው ምን አለበት?

ነገሩ እንዲህ ነው። በፈረንጆቹ ዘጠናዎች ውስጥ፣ ካልጋሪ ከተማ፣ ፉትሂልስ ኢንዱስትሪያል በሚባለው የፋብሪካና የመጋዘን ሰፈር፣ ለነዳጅ ጉድጓድ የሚሆን የብረት ዕቃ በሚያወጣ ድርጅት እሠራ ነበር። ትልቁ አዳራሽ ዘይትና ጫጫታ ነው። በአዳራሹ ጥግ ግን አንዲት የመስተዋት ክፍል አለች። በውስጧ ሲኤምኤም የሚሏት የመለኪያ ማሽን ተቀምጣለች። ጠረጴዛዋ አንድ ወጥ ጥቁር ድንጋይ ነው። በላዩ የበር መቃን የመሰለ ድልድይ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል፤ ከድልድዩ ደግሞ ጫፏ ላይ ቀይ ዶቃ የመሰለች ድንጋይ ያላት ቀጭን መርፌ ትንጠለጠላለች። መርፌዋ ብረቱን እዚህም እዚያም ነካ ነካ ታደርግና ኮምፒውተሩ ከፀጉር የቀጠነውን ስሕተት ሳይቀር አስልቶ በወረቀት ያወጣል። ዕቃው ልክ ከሆነ «ፓስ»፣ ካልሆነ «ፌይል»። ይግባኝ የለም።

የእኔ ድርሻ ብረቱን ድንጋዩ ላይ ማስቀመጥ፣ ክላምፕ በሚሉት የብረት ጥፍር ዙሪያውን ማጥበቅ፣ አረንጓዴውን ቁልፍ መጫን፣ ሲያልቅ ፈትቶ ሌላውን ማስቀመጥ ነው። ፕሮግራሙን የጻፈው ሌላ ሰው ነው፤ ወረቀቱ ላይ የሚፈርመውም ሌላ ሰው ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ አእምሮ ያላት ማሽኗ ነበረች፤ እኔ እጇ ነበርኩ። ክፍሉ ክረምት ከበጋ ሙቀቱ አንድ ነው። ውጪ ምራቅ እስኪረጋ ቢበርድ፣ ወይም ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ ከተራራው ወርዶ በግማሽ ቀን በረዶውን ሁሉ ጭቃ ቢያደርገው፣ እኛ ዘንድ ለውጥ የለም። ለእኔ ታስቦ እንዳይመስላችሁ። ለብረቱ ነው።

እዚህ ሥራ ያስገቡኝ ጋሽ በላቸው ናቸው። ጋሽ በላቸው አዲስ አበባ ቶርኖ ቤት ያደጉ፣ ካልጋሪ መጥተውም እዚያው ብረት መቁረጡ ላይ የቆዩ፣ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። ካናዳ ውስጥ ለመቀጠር ዋስ አይጠየቅም። ጋሽ በላቸው ግን ዋስ የሌለው ሰው እንዴት ይቀጠራል ብለው አለቃችን ዋልተር ፊት ቆመው ዋስ ሆኑኝ። «እሱ ባድ ከሆነ እኔን አባርረኝ» አሉት። ዋልተር እንዲህ ያለ ነገር በአገሩ ሰምቶ ስለማያውቅ አያቸውና እጄን ጨበጠኝ። ያቺን ቃል ግን እኔ አልረሳኋትም።

በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት ብረቱን ላላ አድርጌ ይዤ፣ መርፌዋ ስትነካው ተንሸራቶ ሄደና መርፌዋ ቀጭ አለች። ዋልተር አልጮኸም። የእሱ ችግር ይሄ ነው፤ አይጮኽም። እኛ የአለቃን ቁጣ በድምፁ ነው የምንለካው፤ በለሆሳስ የሚቆጣ ሰው ሲያጋጥመን ምን ያህል እንዳጠፋን አናውቅም። አጠገቤ መጥቶ፣ የተሰበረችውን መርፌ መዳፉ ላይ አድርጎ አየት አደረጋትና፣ ከእንግዲህ ዕቃው እንዳይነቃነቅ አለኝ። እኔ ደግሞ ከተፈጥሮዬ ማጥበቅ የምወድ ሰው ነኝ። ከአገር ስመጣ ሻንጣዬን በሲባጎ ጠፍሬው ስለነበር የጉምሩኩ ሰው በመቀስ ታግሎ ታግሎ ላቡን ጠረገና «ዌልካም ቱ ካናዳ» ብሎ ሳይፈትሽ አሳልፎኛል። የልጄን ዳይፐር እንኳ ሰናይት እንዳላስር ከልክላኛለች። እንግዲህ እንዲህ ላለ ሰው «እንዳይነቃነቅ» ብሎ ማዘዝ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ከዚያ አንድ ልዩ ትእዛዝ መጣ። የሾርባ ሳህን አፍ የሚያካክሉ፣ ግድግዳቸው ስስ የሆነ የብረት ቀለበቶች ናቸው። የሚቆርጧቸው ሁለት ሰዎች ሆኑ፤ አንዱ ጋሽ በላቸው፣ ሌላው ዴኒስ። ዴኒስ የካውቦይ ቡት የሚያደርግ፣ ስሜን ለመጥራት ሰንፎ «በዲ»፣ ወዳጄ እንደማለት፣ የሚለኝ ጎልማሳ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ሳንድዊቹን የመስተዋት ክፍሌ ደፍ ላይ ቆሞ ይበላል፣ ፍርፋሪውን እኔ እጠርጋለሁ። ስለዚህ የዴኒስን ቀለበቶች እንደ ነገሩ ነበር የምይዛቸው። አስቀምጣለሁ፣ ክላምፑን ነካ አደርጋለሁ፣ አረንጓዴውን እጫናለሁ፣ መስኮቱን አያለሁ።

የጋሽ በላቸው ቀለበት ሲመጣ ግን ሌላ ነው። ዋሴ ናቸው፣ ታላቄ ናቸው። ቀለበታቸውን በሁለት እጄ ተቀብዬ በንጹሕ ጨርቅ እጠርገዋለሁ። ድንጋዩ ላይ ቀስ አድርጌ አሳርፈዋለሁ። ከዚያ ግራና ቀኙን በክላምፕ ይዤ አጠብቃለሁ። እንደገና አጠብቃለሁ። የሰው ብረት ሲሆን እዚያ ላይ ይቆማል፤ የእሳቸው ስለሆነ ደግሞ ለክብራቸው ስል አንዴ ልጨምር ብዬ ጥርሴን ነክሼ እደግመዋለሁ። የእሳቸው ብረት በእኔ እጅ ተንሸራቶ መርፌ ቢሰብር በየትኛው ዓይኔ አያቸዋለሁ?

የዴኒስ ቀለበት፣ ፓስ። የጋሽ በላቸው ቀለበት፣ ፌይል። ኮምፒውተሩ ክብ አይደለም፣ እንቁላል ነው ይላል። ሁለተኛው ፌይል። ሦስተኛውም። አዘንኩ፤ አዝኜም አራተኛውን የበለጠ ጠረግኩት፣ የበለጠ አጠበቅኩት። የበለጠ እንቁላል ሆነ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል እንዲሉ፣ ወረቀቱን እያየሁ «ምን ነካቸው ሰውዬው፣ ዓይናቸው ደከመ እንዴ» እያልኩ ከንፈሬን እመጥ ነበር።

ይህንን ለጋሽ በላቸው መንገር አልቻልኩም። ታላቅ ሰውን «ሥራዎ እንቁላል ነው» የምልበት አፍ እናቴ አላወጣችልኝም። ስለዚህ የሚያደርገውን እንደጠፋው ሰው ሸሸኋቸው። ምሳ ሰዓቴን ቀየርኩ። በአዳራሹ ሲመጡ ካየሁ ሽንት ቤት እገባለሁ፤ ዴኒስ «በዲ፣ ሐኪም አይተሃል ወይ?» እስኪለኝ ድረስ። ውድቅ የሆኑት ቀለበቶች ቀይ ካርድ ታስሮባቸው ሲደረደሩ ዋልተር አንድ ቀን እሳቸውን ቢሮው ጠራ። ምን እንዳላቸው ከሌላ ሰው ሰማሁ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ካልተስተካከለ ሌይኦፍ፣ ከሥራ መሰናበት ነው። በዚያ ዕድሜ፣ የነዳጅ ዋጋ በወደቀበት ወቅት፣ ከዚያ ወጥተው ሌላ ቦታ እንደማይቀጠሩ እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። ያን ዕለት ምሳዬን ሳልበላ መለስኩት።

በማግስቱ ጋሽ ለማ ደወሉ። ታክሲ የሚነዱ የታወቁ አስታራቂ ናቸው። «ቅዳሜ ቤት ነህ?» አሉኝ። አለሁ አልኩ። «ሽማግሌ ሆነን እንመጣለን» ብለው ዘጉት። ማን ከማን ጋር እንደተጣላ ለመጠየቅ ፋታ አልሰጡኝም።

ቅዳሜ መጡ። ሽማግሌ ሦስት መሆን ነበረበት፤ አንዱ ሺፍት ስለነበረው ሁለት ሆነው፣ ጋሽ በላቸውን መሀል አድርገው ገቡ። ከጋሽ ለማ ጋር የመጡት አቶ ተሰማ የወንጌላውያን ጉባኤ ሽማግሌ ናቸው። ጋሽ ለማ ደግሞ የቅዳሴ ሰው ናቸው። ሁለቱ በሃይማኖት ነገር ስለማይስማሙ በእኔ ላይ ተስማሙ። ሰናይት ሻይ አቀረበች፣ ልጃችንን አቅፋ ጥግ ያዘች። ጋሽ ለማ ታክሲያቸውን ያቆሙት ፓርኪንግ ክልክል የሆነበት ስለነበር በየደቂቃው መጋረጃ እየገለጡ ነበር የሚያስታርቁት።

እንደተቀየምኩ ሰምተዋል። አልተቀየምኩም አልኩ። ሽማግሌ ደግሞ እንዲህ የሚል ሰው አይወድም፤ ነገሩ ሥር የሰደደ ነው ብሎ ነው የሚተረጉመው። ምሳ አብሬ መብላት መተዌን፣ ሰላምታ መሸሼን፣ ብረታቸውን በየቀኑ መጣሌን አንድ በአንድ ቆጠሩልኝ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው ልል አሰብኩና ላሟ በትክክል እዚያ ውላ እንደነበር ትዝ ብሎኝ ተውኩት። በዚህ መሀል ጋሽ በላቸው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ የልጅህ ክርስትና ላይ አልመጣሁም። ኦቨርታይም ያዘኝ። አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በለኝ» አሉኝና ከመቀመጫቸው ሊነሡ ሞከሩ።

አልመጡም እንዴ? እኔ ያን ቀን ወንበር ስበደርና መኪና ማቆሚያ ስፈልግ ውዬ ማን እንደመጣ፣ ማን እንደቀረ የማውቀው ነገር የለም። አሁን ግን አስቡት። ሸበቶ ሰው ፊቴ ይቅርታ ሊለምኑ እየተነሡ ነው። ሁለት ሽማግሌዎች የሥራ ቀናቸውን ትተው መጥተዋል። አንደኛው ቅጣት ሊጻፍባቸው ነው። «ኧረ መቅረትዎንም አላስተዋልኩም» ብል ከስድብ ሁሉ የከፋ ስድብ ነው። ይሉኝታ አነቀኝ፤ «እውነት ነው፤ ትንሽ ቅር ብሎኝ ነበር» አልኩ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው።

ሰናይት ከጥግ ያየችኝን አስተያየት አልነግራችሁም። አቶ ተሰማ ደግሞ አስተዋይ ሰው ስለሆኑ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው፣ ታዲያ ብረቱን የምትጥለው በዚህ ምክንያት ነው ወይ ብለው ጠየቁ። እኔ አይደለሁም የምጥለው፣ ማሽኗ ናት አልኩ። ማሽኗን የሚያዘው ማነው ተባልኩ። ብረቱን የምይዘው እኔ ነኝ አልኩ። ቂመኛ መሆኔን በገዛ አፌ አምኜ፣ ብረቱም በእኔ እጅ እንዳለ መስክሬ፣ ለአስታራቂ የቀረ ሥራ አልነበረም። አቶ ተሰማ በልባቸው ቂም ቋጥረው የሰው እንጀራ ስለሚዘጉ ሰዎች ረጅም ጸሎት ጸለዩ። ጋሽ ለማ አንድ ዓይናቸውን መስኮቱ ላይ አድርገው አሜን አሉ። ከጋሽ በላቸው ጋር ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን፤ እሳቸው ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ሲወጡ ሰናይት በሩን ዘግታ «መቼ ነው የተቀየምከው?» አለችኝ። ሻይ ስታቀርቢ አልኳት።

ሰኞ ንጹሕ ልብ ይዤ ሥራ ገባሁ። የጋሽ በላቸው ቀለበቶች መጡ። ጠረግኳቸው፤ የታረቅኳቸው ሰው ናቸውና እንደ ሕፃን ነው ያሸኋቸው። አሁን ጉዳዩ የሥራ ብቻ አይደለም፣ የስሜም ጭምር ነው፤ ስለዚህ ከጥቃቅን መነቃነቅ ሁሉ ልጠብቃቸው ብዬ ማጥበቂያው ቁልፍ እጀታ ላይ ቧንቧ ሰካሁበት። እጀታ ሲረዝም ጉልበት እንደሚበዛ የማያውቅ የለም። በሙሉ ክብደቴ ተጫንኩት። አረንጓዴውን ተጫንኩ። ኮምፒውተሩ እስከዚያን ቀን ያላየሁትን እንቁላል አወጣ፤ የሰጎን ነበር።

ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ። ከዕርቁ በፊት ቂመኛ ነበርኩ፤ ከዕርቁ በኋላ ግን ዕርቅ ያፈረስኩ ሆንኩ፤ ይህ ሌላ ስም ነው። ማክሰኞ ጋሽ ለማ ደወሉ። በጀርባ የታክሲው ራዲዮ ይጮኻል። «እኛ ፊት ተሳስመህ ስታበቃ?» አሉኝ ብቻ። በቀጣዩ ጊዜ ካህን ይዘው እንደሚመጡ ነግረውኝ ዘጉ። ሰናይትም እንግዲህ ጥርጣሬ ገባት፤ ራት ላይ ቀስ ብላ «የምር ግን፣ ምን አድርገውህ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። በሦስተኛው ቀን፣ እውነቱን ለመናገር፣ እኔም ራሴን መጠርጠር ጀመርኩ። ሳላውቀው ክፉ ሰው ሆኜ ይሆን? ሰይጣን እጄ ውስጥ ገብቶ ይሆን? ሐሙስ ጠዋት ማሽኗን ከመክፈቴ በፊት አማተብኩ። ዴኒስ ከደፉ ላይ አይቶኝ ሳንድዊቹን ይዞ ዞር አለ።

ዓርብ የመጨረሻው ቀን ነበር። ዋልተር ለጋሽ በላቸው የመጨረሻዎቹ ቀለበቶች ከወደቁ ሎከራቸውን፣ የልብስ ሳጥናቸውን፣ አጽድተው እንዲወጡ ነግሯቸዋል። ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያውን አስቀመጥኩ፣ እንደ ልማዴ አጠበቅኩ፣ ለካሁ። ፌይል። ሌላውን ላስቀምጥ ብዬ ክላምፖቹን አላላሁና ወንበሬ ላይ ትንሽ ተቀመጥኩ። በዚያች ቅጽበት የመስተዋቱ በር ተከፈተ። ጋሽ በላቸው ናቸው። ዘይት የነካው ልብስ ይዤ አልገባም ብለው እዚያ ክፍል እግራቸውን አስገብተው የማያውቁ ሰው፣ አሁን እጃቸውን ታጥበው፣ የሥራ ልብሳቸውን አውልቀው ገቡ።

«ኖር» ብዬ ተፈናጥሬ ተነሣሁ። ስነሣ ክርኔ አረንጓዴውን ቁልፍ ተጫነው። «በእግዜር፣ ተቀመጥ» ሲሉ ድልድዩ ጉዞ ጀመረ። ማሽኗ ስትንቀሳቀስ እጅ ማስገባት ክልክል ነው፤ መርፌ መስበርን ደግሞ አንዴ ቀምሼዋለሁ። ቀለበቱ ክላምፑ ላልቶ እዚያ ተቀምጧል፤ መርፌዋ ነካ ነካ ታደርገዋለች። እኔ እንደ ሐውልት ቆሜያለሁ።

ጋሽ በላቸው የመጡት ሊሰናበቱኝ ነበር። ወንበር አልፈለጉም። «ዋልተር ስለ አንተም ጠይቆኝ ነበር» አሉኝ። «ልጁ ምንም አላጠፋም፣ እጄ ነው የደከመው ብዬዋለሁ። ዋስህ እንደሆንኩ ነው። አንተ ሥራህን ጠብቅ።»

ይህን ሁሉ ቂም አለብኝ ብዬ አምኜ፣ በየቀኑ ሥራቸውን ጥዬባቸው፣ ሊወጡ ሲሉ እንኳ ያሰቡት ለእኔ ነው። ወለሉን ሳይ ማተሚያው ወረቀት ተፋ። አንሥቼ አየሁት። ፓስ ይላል።

ማሽኗ ተበላሽታለች ብዬ ደመደምኩ፤ ሌላ ሐሳብ ከየት ይመጣልኛል። «ይቆዩ» አልኳቸውና ያንኑ ቀለበት እንደ ወትሮው በቧንቧው ጥርቅም አድርጌ አስሬ ለካሁት። ፌይል። ፈታ አድርጌ ለካሁት። ፓስ። አሰርኩት፣ ፈታሁት፣ አሰርኩት። ሲታሰር እንቁላል፣ ሲፈታ ክብ። ስሱ ብረት በእኔ ጡንቻ ተጨምቆ እየጎበጠ፣ ስለቀው ወደ ቅርጹ ይመለስ ነበር። የጋሽ በላቸው እጅ ምንም አልሆነም። እንቁላል የምጥለው እኔ ነበርኩ።

ይህን ስነግራቸው ቀለበቱን አንሥተው አገላበጡት። «እና የዴኒስ ለምን አልጎበጠም?» አሉ። የዴኒስን ያን ያህል እንደማላጠብቅ ነገርኳቸው። ለምን? የእርስዎ ስለሆነ ነው፤ አክብሬዎት ነው፤ እየጠረግኩ፣ በሁለት እጄ እየተቀበልኩ፣ ለክብርዎ አንዴ እየጨመርኩ አልኩ። ጋሽ በላቸው ቀለበቱን ድንጋዩ ላይ መልሰው አስቀመጡና «ዋልተርን ጥራው» አሉኝ።

ለዋልተር ማስረዳቱ ከሁሉም ከበደኝ። ብረቱን እያሰርኩ እየፈታሁ አሳየሁት፤ ያን ቶሎ ገባው። ያልገባው ለምን የአንድ ሰው ብቻ እንደሚጠብቅ ነው። ይህ ሰው ይበልጠኛል፣ በጣም አከብረዋለሁ አልኩ በተሰባበረው እንግሊዝኛዬ። ዋልተር ወደ ዴኒስ ቀለበቶች አየ። «ዴኒስንስ?» አለኝ። ዴኒስ በዚያች ሰዓት እንደ ወትሮው ደፉ ላይ ሳንድዊች ይዞ ቆሟል። ዴኒስን በልኩ ነው የምይዘው አልኩ። ዋልተር ቧንቧውን ከእጄ ተቀብሎ ቁርጥራጭ ብረት ውስጥ ጣለው። ቀለበቱን ከሥሩ በሦስት ትናንሽ እግሮች ላይ አሳርፎ፣ ክላምፑን በሁለት ጣት ብቻ ነካ አድርጎ እንድይዝ አሳየኝ፤ ከዚያ በኋላ የማንም ብረት ከማንም በላይ እንዳይከበር አዘዘ። ቀይ ካርድ የታሰረባቸው ሁሉ እንደገና ተለኩ፤ ሁሉም ማለት ይቻላል አለፉ። የወደቀውን አንዱን ጋሽ በላቸው አይተው፣ ይሄኛው የእኔ ነው፣ የዚያን ቀን ራሴን አሞኝ ነበር አሉ። ሎከራቸውን አላጸዱም።

ስንወጣ ቺኑክ ገብቶ የመኪና ማቆሚያው ሁሉ ኩሬ ሆኗል። መኪናቸው አጠገብ ደረስኩና ይቅርታ መጠየቅ ጀመርኩ፤ ስለ ቀለበቱ፣ ስለ ሽምግልናው፣ ስለ ውሸቱ። ቅር እንዳላለኝ፣ ለይሉኝታ ስል እንዳመንኩ ሁሉ ነገርኳቸው። በሩን ከፍተው አዳመጡኝ።

«የክርስትናው ቀን ኦቨርታይም አልነበረኝም» አሉኝ።

ቀና ብዬ አየኋቸው።

«በስልኬ አንሰሪንግ ማሽን ላይ መልእክት ትተህ ነው የጠራኸኝ። ‹ቅዳሜ ክርስትና አለን፣ ባይ› ብለህ ዘጋህ። ከሰፈሬ ሰፈርህ ሩቅ አይደለም። ዋስ የሆንኩለት ልጅ ቤቴ መጥቶ አይጠራኝም ወይ ብዬ ተቀይሜ ቀረሁ። በሽማግሌ ፊት ላሳፍርህ አልፈለግሁም።» ቁልፋቸውን ከኪሳቸው አወጡ። «ብረቴን በሁለት እጅህ ስትቀበል፣ በንጹሕ ጨርቅ ስትጠርግ ከረምክ። እኔን ደግሞ ለማሽን ነግረህ ጠራኸኝ።»

ለካ ሽማግሌዎቹ ልክ ነበሩ፣ ተጣልተን ነበር። የሳቱት የተቀየመው ማን እንደሆነ ብቻ ነው። ኩሬው ውስጥ ቆሜ ጫማዬ ውሃ ሲያስገባ ይሰማኛል፤ ከዚያ ቀን በላይ አፍሬ አላውቅም። ጋሽ በላቸው ትከሻዬን መታ አደረጉና ሄዱ።

የልጃችን የመጀመሪያ ልደት ሲደርስ፣ ስልኩን እንዳትነኪ ብዬ ሰናይትን አስማልኳት። እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ቺኑኩ ከሄደ ቆይቷል፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። መኪናዬ አልነሣ አለች። አውቶቡስ ጠብቄ፣ ከወረድኩም በኋላ በረዶውን እስከ ጉልበቴ እየረገጥኩ፣ ቅንድቤ ነጭ ሆኖ ቤታቸው ደረስኩ። አንኳኳሁ። ጋሽ በላቸው ከእንቅልፋቸው ተነሥተው፣ በካልሲ፣ ፀጉራቸው ባንድ ወገን ተጣብቆ በሩን ከፈቱ። ኮፍያዬን አወለቅኩ። እጅ ነሥቼ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ የልጃችን ልደት ስለሆነ ቤታችን እንዲመጡ፣ ባይመጡ ቅር እንደሚለን፣ የምር እንደሚለን፣ እየተንቀጠቀጥኩ ተናገርኩ።

ጋሽ በላቸው ከራሴ እስከ እግሬ አዩኝ።

«በዚህ ብርድ ይህን ለመንገር ነው የመጣኸው?» አሉኝ። «አንተ ልጅ፣ ደውለህ አትነግረኝም ነበር?» እንዲህ እያሉኝ ካፖርቴን ከትከሻዬ ላይ እያወለቁልኝ ነበር።